ብረት እያለ ለምን እንጨት?

«አልሙኒየምና ብረት እያለ የጥንቶቹ አየር መርከቦች ፕሮፔለር (እየተሽከረከረ መርከቡን የሚገፋው ክንፍ) ለምን ከእንጨት ተሠራ? ኋላ ቀርነት አይደለም ወይ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ አይደለም። ዕድሜዬን በአናጺነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ለአንድ ኤግዚቢሽን የሁለት ሜትር የእንጨት ፕሮፔለር በእጄ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎት።

ብረቱማ ቀድሞ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1900 በኮንስታንስ ሐይቅ ላይ የተነሣው የመጀመሪያው ዘፔሊን (በጋዝ የሚንሳፈፍ የጀርመን አየር መርከብ) ፕሮፔለሮቹ አልሙኒየም ነበሩ። በሴፕቴምበር 25 ቀን 1909 ግን «ላ ሬፑብሊክ» የተባለው የፈረንሳይ ጦር አየር መርከብ ሙላን ከተማ አጠገብ ሲበር አንድ የብረት ክንፍ ከፕሮፔለሩ ተገንጥሎ የጋዙን ከረጢት ቀደደው። የተሳፈሩት አራት ሰዎች አለቁ። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል።

የዚያ ዘመን ሞተር እየነዘረ ነበር የሚሠራው። ብረት ንዝረት ሲደጋገምበት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበጃል፤ ስንጥቁም ውስጥ ውስጡን ያድጋል። እንጨት ግን ንዝረቱን በክሮቹ ውስጥ ያበርደዋል፤ ክብደቱም ቀላል ነው።

ታላቁ ጥበብ ያለው በመደራረቡ ላይ ነው። ፓሪስ ውስጥ ሉሲየን ሾቪዬር የተባለ ሰው ስስ ጣውላዎችን በኮላ እያጣበቀ ፕሮፔለር ይሠራ ነበር፤ ፈረንሳዊው አብራሪ ብሌሪዮ በ1909 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር በአውሮፕላን የተሻገረው በሾቪዬር የዋልነት እንጨት ፕሮፔለር ነው። እኔ ይህን ንቄ መጀመሪያ የጠረብኩት ከአንድ ወጥ የዋንዛ ጣውላ ነበር። አምሮ አለቀ፤ በጋው ሲደርቅ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ አንደኛው ክንፍ ተጣመመ። ሁለተኛውን በሰባት ጣውላ ሠራሁት፤ ጣውላዎቹን እንደ ማራገቢያ ትንሽ ትንሽ እየገለጥኩ አጣብቄ በሞርሳ አሳደርኩት። ስጠርበው የኮላው መስመሮች እንደ ካርታ መሩኝ፦ በሁለቱም ክንፎች ላይ መስመሮቹ እኩል ከታዩ ቅርጹ ልክ ነው። እስከ ዛሬ አልተጣመመም።

ኋላ ቀርነት ላሉት ደግሞ፣ በ1936 የበረረው የጀርመን አየር መርከብ «ሂንደንቡርግ» አጽሙ አልሙኒየም ሆኖ አራቱም ፕሮፔለሮቹ እንጨት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው አራት ክንፍ ነበራቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም ስድስት ሜትር ያህል ነበሩ።

እርስዎም ለመሥራት ካሰቡ ሚዛኑን ከቫርኒሹ በኋላ ደግመው ይፈትሹ። የእኔን መሐሉን በዘንግ አንጠልጥዬ ስሞክረው፣ አንደኛው ክንፍ ላይ ትንሽ የወፈረ አንድ ቅብ ብቻ ወደ ታች ይጎትተው ነበር።