ሐምሌ ሲመጣ የሚበተነው ቡድን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ቆየት ያለ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ተቀምጦ አዲስ ምርት ስለ ማውጣት። ረዘም ያሉትን አሳጥሬአቸዋለሁ። ከአንዱ ደብዳቤ ደግሞ ስድቡን ብቻ አውጥቻለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን አዲሱ መተግበሪያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይፋ ይሁን ይላሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰው ስልኩን ይነካካልና። ትክክል ናቸው?

ሰውስ ይነካካል። ሲበላሽ የሚጠግነው ፕሮግራመር ግን ቅዳሜ ሠርግ ላይ ነው። ማክሰኞ አድርጉት።

አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ የሒሳብና የደመወዝ ሶፍትዌር ሲሸጥ በኖረ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። ለባለሱቆች ዱቤና ዕቃ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ እንዲያወጡ አራት ፕሮግራመሮች ተሰጧቸው። በስድስት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ወይስ እኔ መምራት አቃተኝ?» ይላሉ።

ሁለቱም አይመስለኝም። ደብዳቤዎ ውስጥ በጨረፍታ ያለፏት አንዲት ሐረግ አለች፦ «አራቱም ለነባሩ ሥርዓት ድጋፍ ይሰጣሉ»። ችግሩ እዚያ ተቀምጧል።

እኔም እንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። አዲሱን ምርት የምንሠራው አምስት ነበርን። ሰኔ ሲጋመስ ደንበኞች የበጀት ዓመቱን ሒሳብ መዝጋት ይጀምራሉ፤ ሐምሌ ሲገባ ስልኩ እረፍት የለውም። አንድ ትልቅ ደንበኛ ሒሳቡ በጥቂት ሳንቲም አልገጥም አለውና ሁለቱን ልጆች «ለሦስት ቀን ብቻ» ወሰዱብን። የተመለሱት መስከረም ጠብቶ ነው። ሲመለሱ ቀድሞ የጻፉትን ኮድ ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። በዓመቱ ሐምሌ ይኸው ተደገመ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምርቱ የሚያነሣ ሰው ጠፋ።

ነገሩን የሚያከፋው «ይህ ምርት ይሙት» ብሎ የወሰነ ሰው አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ልክ ነበር። ማንም ገና ላልገዛው ነገር ሲል የሚከፍለውን ደንበኛ ማን ያስቀይማል? ስለዚህ የሚቆጡበት ሰው እንኳን አያገኙም። እርስዎም በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል፣ የደመወዝ ሠንጠረዡን ለማስተካከል ሁለቱ ልጆች እንደተወሰዱብዎት ጽፈዋል። መወሰዳቸው አይገርምም፤ ሕግ ነው፣ ደንበኛም ይጠብቃል። የሚገርመው በየዓመቱ አንድ ነገር እንደሚመጣ እየታወቀ ዕቅዱ ምንም እንደማይመጣ ተደርጎ መጻፉ ነው።

ስለዚህ አራቱን ይመልሱና ሁለት ይጠይቁ፤ ሁለቱ ግን ሙሉ ይሁኑ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት ለሶፍትዌር ድርጅት የተተረተ ይመስለኛል። ሐምሌም ቢሆን እነዚህ ልጆች እንደማይነኩ በጽሑፍ ያስይዙ። የግድ ከተፈለጉ ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ለስንት ቀን እንደሚወስዷቸው ጽፈው ይፈርሙ። በኋላ በሠራሁበት ሌላ ቤት ይህ ደንብ ነበር፤ ፊርማ ሲጠየቅ «አጣዳፊ» ከተባለው ሥራ ግማሹ አጣዳፊነቱን ይተው ነበር።

ሁለተኛው ነገር መለኪያው ነው። በወርሃዊው ስብሰባ ነባሩ ምርት ሚሊዮን ብር ይዞ ይቀርባል፣ እርስዎ ዜሮ ይዘው ይቀርባሉ፤ እንደዚያ እየተለካ የሚያድግ ነገር የለም። ጂሜይልን የጀመረው የጉግል ፕሮግራመር ፖል ቡክሃይት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የመጀመሪያው ሥሪት የራሱን ደብዳቤዎች ከመፈለግ አያልፍም ነበር። ከዚያ ለሥራ ባልደረቦቹ ሰጠ፤ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የተያዘለት ግብም እዚያው ጉግል ውስጥ 100 ደስተኛ ተጠቃሚ ማግኘት ነበር። ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም፤ አንዱ የሚወደውን ሌላው ይጠላዋል። ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ (አፕሪል) 1 ቀን 2004 ነው። የ1 ጊጋባይት ቦታ በነፃ ሲባል ብዙ ሰው በዕለቱ እንደተለመደው የማሞኛ ቀልድ መስሎት ነበር።

እርስዎም 100 ባለሱቅ ይያዙ፤ በዛ ካሉ 20። ስብሰባው ላይ የሚያቀርቡት ቁጥር «በዚህ ሳምንት ሳይደወልላቸው መተግበሪያውን የከፈቱት ስንት ናቸው?» የሚለው ይሁን። ተፎካካሪዎም ሌላ ሶፍትዌር አይደለም፤ የዱቤ ደብተሩ ነው። ደብተር ቻርጅ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይቋረጥበትም፣ አባት ቢወጣ ልጁ ያነበዋል። ይህንን ለማሸነፍ አንድ ሙሉ ቀን መደርደሪያው ጥግ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ አማካሪ አይቅጠሩ፤ በርጩማ ይበቃዎታል።

ሥራ አስኪያጁ አልፈርምም ካሉስ? ቤቱ ምርቱን እንደማይፈልገው ነግረውዎታል። ጥፋቱ በእርስዎ ስም ሳይጻፍ በፊት እንዲዘጋ ይጠይቁ።

ሙከራ ላይ ነው የሚለውን «ቤታ» የሚል ምልክት ምን ያህል ጊዜ ማቆየት ይቻላል?

ጂሜይል እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009፣ ከአምስት ዓመት በላይ አቆይቶታል። እናንተ ሦስት ወር ይበቃችኋል።

«ነባሩን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ክፍያ እንሸጣለን። አዲሱ በኢንተርኔት የሚሠራና በየወሩ የሚከፈልበት ነው። የሽያጭ ኃላፊው ‹የገዛ ልጃችን ይበላናል› ብሎ አገደው» የሚል ደብዳቤ ከአዳማ።

ኃላፊው አልዋሸም፤ ይበላችኋል። የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፎቶሾፕንና ሌሎች ፕሮግራሞቹን በአንድ ጊዜ ክፍያ ማውጣቱን እንደሚያቆምና አዲሱ ሁሉ በወርሃዊ ክፍያ እንደሚሆን አስታወቀ። ገቢው ከ2012ቱ 4.4 ቢሊዮን ዶላር በ2013 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ ወረደ፤ የተጣራ ትርፉ ደግሞ ከ800 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ከ300 ሚሊዮን በታች ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ገቢው ከ7 ቢሊዮን አልፏል። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ይህንን መጨረሻውን ይወዱታል። እኔ የምመለከተው መካከሉን ነው። አዶቤ ያንን ቀጭን ዘመን የሚያሳልፍበት ጥሪት ነበረው፤ እናንተ ለስንት ወር ደመወዝ አላችሁ? ይህንን የሒሳብ ባለሙያችሁ ይቁጠርላችሁ፤ የሒሳብ ሶፍትዌር የምትሸጡ ሰዎች ስለሆናችሁ ሩቅ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ፤ ኃላፊው ኮሚሽን የሚያገኘው ከምን ላይ ነው? ከአንድ ጊዜው ሽያጭ ከሆነ፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚንጠባጠብ ነገር ሽጥ እያላችሁት ነው። እኔም ብሆን አግደው ነበር።

ሲያትል የሚኖሩ ወንድም በአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ይሠራሉ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የአማርኛ ጽሑፍ የፊደል ስሕተት የሚያርም ፕሮግራም ጀምረዋል። ለአለቃቸው አሳይተው የኩባንያው ምርት ቢያደርጉት ይሻላል ወይስ የራሳቸው ሆኖ ይቅር? «በነገራችን ላይ የምጽፈው በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ነው።»

«በነገራችን ላይ» ያሉት እሱ ዋናው ነገር ነው። ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ላፕቶፑን ይዝጉት።

ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ሠራተኛ በራሱ ሰዓት ብቻ፣ የአሠሪውን መሣሪያ፣ ቦታና የንግድ ምስጢር ሳይነካ የፈጠረውን አሠሪው በውል እንዳይወስድበት ይከላከልለታል። ፈጠራው ከአሠሪው ሥራ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ከሆነ ግን ከለላው ይቀራል። እርስዎ በላፕቶፑ አንዱን በር ከፍተዋል፤ ኩባንያው የጽሑፍ ሶፍትዌር የሚያወጣ ከሆነ ሌላውም ክፍት ነው። ሲቀጠሩ የፈረሙት ውል ምን እንደሚል እኔ አላየሁትም፤ እርስዎም ያነበቡት አይመስለኝም። ስለዚህ ለአለቃዎ ከማሳየትዎ በፊት በዚያው ግዛት ፈቃድ ያለው፣ የሥራ ውልና የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ይዩ። አዲስ አበባ ሕግ የተማረ የአክስት ልጅ አይደለም፤ የዕድር ሊቀመንበሩም አይደሉም፤ እኔም አይደለሁም። ለአንድ ሰዓት ምክር የሚከፍሉት ቢያንገበግብዎትም ይክፈሉ። ላፕቶፑ ላይ ያለውንም ጠበቃው ሳይነግርዎት እንዳያጠፉት።

አገር ቤት ያላችሁም አትሳቁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ሥራ ላይ የተፈጠረ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው።

ስድቡን ያወጣሁበት ደብዳቤ፦ ምርታችንን ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ኬክ ቆርሰን፣ ባለሥልጣን ጋብዘን አስመረቅን። ሦስት ወር ሆነው፤ የሚጠቀሙት የራሳችን ሠራተኞች ናቸው። ማስታወቂያ እንጨምር?

ኢሜይልንና ፈጣን የጽሑፍ ውይይትን አንድ ላይ ያጣመረው ጉግል ዌቭ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 መድረክ ላይ ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በነሐሴ 2010 ኩባንያው ማበልጸጉን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሰው ለምን እንደሚጠቀምበት አልገባውም ነበር። እናንተም ማስታወቂያ ከመጨመራችሁ በፊት ኬኩን ከበሉት መካከል ለአሥሩ ደውሉና መተግበሪያው ለምን እንደሚሆን ጠይቋቸው። ከዚያ ጻፉልኝ፤ ስድቡን መድገም ይቻላል።

በመተግበሪያችን ውስጥ ደንበኞች ገንዘብ እንዲያስቀምጡና እንዲላላኩ ብናደርግስ? ፈቃዱን በኋላ እናስተካክለዋለን።

የሰው ገንዘብ መያዝ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፈቃድ ካለው ተቋም ጋር ተዋዋሉ፤ ኮድ ሳትጽፉ በፊትም መመሪያውን የሚያውቅ ሰው አናግሩ። «በኋላ እናስተካክለዋለን» የምትለዋን ለአዝራሩ ቀለም አስቀምጧት።