የደንገጎ ኩርባ ላይ የምትታየው ሴት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አይሱዙ ላይ ረዳት ነኝ። ከሐረማያ አትክልት ጭነን ሌሊት ወደ ድሬዳዋ እንወርዳለን። ከደንገጎ ቁልቁል መኪና የተገለበጠበት አንድ ኩርባ አለ። ሾፌሮቹ «ነጠላ የለበሰች ሴት ትቆማለች፤ እዚያ የሞተች ናት» ይላሉ። ሲያልፉ ሳንቲም ይወረውራሉ፤ ጫት የሚጥልም አለ። የሞተ ሰው ነፍስ መንገድ ላይ ትቀራለች? እኔስ ሳንቲም ብወረውር ምን አለበት?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አትወርውር። ሳንቲሟ ትንሽ ናት፤ ግን ለማን ነው የምትሰጣት? ከፍለውት የሚያሳልፍ መንፈስ አለ ብለህ ካመንክ ጉዞህን ለእሱ አደራ ሰጠኸው ማለት ነው። ድሮ አድባር ሥር ቡና ይፈስ፣ ቅቤ ይቀባ ነበር። ዛሬ ዛፉ ቀርቶ ኩርባ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ነፍስ መንገድ ላይ አትቀርም። ከሥጋ ስትለይ «ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር» ትመለሳለች (መክ. 12፥7)። የጻድቃን በገነት፣ የኃጥአን በሲኦል ሆና ፍርድን ትጠብቃለች። በሉቃስ 16 ያለው ባለጠጋ ለወንድሞቹ ተጨንቆ ከሙታን አንድ ሰው ሄዶ እንዲያስጠነቅቃቸው ለመነ፤ አልተፈቀደለትም። ለዚያ ያልተፈቀደ አይሱዙ ለማስደንገጥ ይፈቀዳል? ቅዱሳን በእግዚአብሔር ፈቃድ ይገለጣሉ፤ እሱ ሌላ ነው። ቅዱስ አስፈራርቶ ሳንቲም አይሰበስብም።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያዩት? እኔን ከጠየቅከኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድካምና ጉም ነው። ደንገጎ ደጋ ነው። ጫት ሲቅም ያደረ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ድንጋዩን ሰው ያደርገዋል። የጅብ ዓይን በመኪና መብራት ሲያበራማ አንተም ታውቀዋለህ። (ሐረር ውስጥ ጅብ ጂን ይበላል ይባላል። እውነት ቢሆን በዚህ አገር አንድም ጂን ባልተረፈ!) ሐዋርያትም እኮ ሌሊት በባሕር ላይ ጌታን አይተው «ምትሐት ነው» ብለው ጮኸዋል (ማቴ. 14፥26)።

ሰይጣን የለም እያልኩህ አይደለም። አለ፤ የሞተ ሰው መስሎም ሊያታልል ይችላል። አንተ ግን አማትብ፤ ዳዊት 90ን ድገም። «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም የሚለው እዚያ ነው። ፍርሃቱ አልለቅ ካለህ፣ እንቅልፍ ከነሳህ፣ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ጠበል ተጠመቅ። ጠንቋይ ቤት ግን እንዳትሄድ። «ጥቁር ዶሮ አምጣ» ይልሃል፤ ከዚያ መውጫ የለውም።

እዚያ ለሞቱት ካዘንክ የክርስትና ስማቸውን ከቤተሰብ ጠይቀህ ለካህን ስጥ፤ በጸሎት ይታሰባሉ። ለእነሱ የሚጠቅማቸው ይህ ነው። ሳንቲሙንም በስማቸው ለነዳያን ስጥ።

ሾፌሩንም ሰላም በልልኝ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል መንገዱ በመኪና ይጨናነቃልና ከዚያ በፊት ፍሬኑን ያስፈትሽ። ኩርባው ጋ ሲደርስም መስኮት መክፈቱን ትቶ በከባድ ማርሽ ይውረድ።