ስዋፕ የሌለው ሰርቨር ላይ ዊንዶውሱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ቤቴ ባለ 16 ጊጋ ራም አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ፕሮክስሞክስ (በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚያስኬድ፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሲስተም) ጭኛለሁ። ሲስተሙ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ በዜድኤፍኤስ (በፋይል ሲስተም ዓይነት) ነው የተጫነው፤ የካሜራ ቀረጻ የሚቀመጥበት 1 ቴራ ሃርድ ዲስክም አለው። ለፒችትሪ (ለሂሳብ ፕሮግራሙ) በከፈትኩት ዊንዶውስ 8 ጊጋ፣ ለካሜራው ኡቡንቱ 4 ጊጋ፣ ለሁለት ኮንቴይነሮች (ቀለል ላሉ፣ የሆስቱን ከርነል ለሚጋሩ ማሽኖች) አንድ አንድ ጊጋ ሰጥቻለሁ። ሰሞኑን ዊንዶውሱ ሳያስጠነቅቅ ጠፍቶ አገኘዋለሁ፤ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ። ስዋፑን (ራም ሲጣበብ ዳታ የሚዘዋወርበትን ቦታ) ሳየው ዜሮ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «የራምህን እጥፍ ስዋፕ አድርግ» ይለኛል፤ ሌላው «ስዋፕ ድሮ ቀረ፣ ኤስኤስዲህን ይበላዋል» ይላል። የማንን ልስማ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የሁለቱንም አይስሙ። መጀመሪያ ገዳዩን ይለዩ። የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ሎግ ከፍተው «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ይፈልጉ። ከዚያው ጋር «ኪልድ ፕሮሰስ» ብሎ በቅንፍ «ኬቪኤም» (ቨርቹዋል ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮሰስ) ካለ ነገሩ አለቀ፦ ራም ሲያልቅበት ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ ይመርጣል፤ እርስዎ ጋ ብዙ የያዘው ደግሞ ዊንዶውሱ ነው። ለፒችትሪው ይህ ሶኬት ከግድግዳ እንደመንቀል ነው፤ ስለዚህ የዳታ ባክአፕዎን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

አሁን ስሌቱን እንይ። ለቨርቹዋል ማሽኖቹና ለኮንቴይነሮቹ 14 ጊጋ ሰጥተዋል። ፕሮክስሞክስ ራሱ 2 ጊጋ ያህል ይፈልጋል። ዜድኤፍኤስ ደግሞ ኤአርሲ የሚባል የራሱ ካሽ (ከዲስክ ያነበበውን ራም ላይ የሚያቆይበት) አለው፦ ከ8.1 ወዲህ በአዲስ በተጫነ ፕሮክስሞክስ ጣሪያው የራሙ 10 ከመቶ ነው፣ ማለትም 1.6 ጊጋ፤ ከዚያ በፊት በተጫነው ግን እስከ ግማሽ ይሄዳል፣ 8 ጊጋ ማለት ነው። በአነስተኛው ቢቆጠር እንኳ 17.6 ይመጣል። ለእንግዶቹ ሁሉ ቀርቦ ባለቤቱ ጦሙን አድሯል።

መብራት ሲመለስ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የተሰጠውን ራም ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይጠርገዋል፤ ባይጠቀምበትም 8ቱም ጊጋ ከሆስቱ (ከዋናው ማሽን) ላይ ይያዛል። በዚያችው ደቂቃ ኡቡንቱውና ኮንቴይነሮቹም እየተነሱ ናቸው። በየማሽኑ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የመነሻ ተራ አለ፤ ዊንዶውሱን ያስቀድሙና የስታርትአፕ ዲሌይ 120 ሰከንድ ይስጡት፣ ሌሎቹ ይከተሉ።

ዊንዶውሱን ወደ 6 ጊጋ፣ ኡቡንቱውን ወደ 3፣ ኮንቴይነሮቹን ወደ ግማሽ ግማሽ ጊጋ ያውርዱ። የኤአርሲውን ጣሪያ በዜድኤፍኤስ ሞጁል ማስተካከያ ፋይል 1 ጊጋ ያድርጉት፤ ቁጥሩ በባይት ስለሚጻፍ 1073741824 ነው። ከዚያ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ፋይል) አድሰው ሪስታርት ያድርጉ፤ ይህን የዘለለ ሰው «ቀየርኩት፣ ግን አልተቀየረም» ይላል። ከፕሮክስሞክሱ 2 ጊጋ ጋር ድምሩ አሁን 13 ነው። በዊንዶውሱ ውስጥ ያለውን ፔጅ ፋይል (የዊንዶውስ የራሱን ስዋፕ) ግን አይንኩት፤ የትኛው ፕሮግራም እንደተኛ ከሆስቱ ይልቅ ዊንዶውሱ ያውቃል።

ታዲያ ስዋፕ ያስፈልጋል? ትንሽ፣ አዎ። ስዋፕ ከሌለ ከርነሉ ለቀናት ያልተነካ ዳታን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ሲጨንቀው ካሹንና የፕሮግራሞቹን ኮድ እየጣለ ከዲስክ ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። ስለዚህ ስዋፕ የሌለው ማሽንም ይንቀራፈፋል። የእጥፉ ሕግ ራም በሜጋ በሚቆጠርበት ዘመን የወጣ ነው፤ 32 ጊጋ ስዋፕ የሚሞላ ሰርቨር ከመሞቱ በፊት ለሰዓታት ያቃስታል እንጂ አይድንም። ለእርስዎ ከ2 እስከ 4 ጊጋ ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ዜድኤፍኤስ ላይ አይሆንም፦ ዜድኤፍኤስ ለመጻፍ ራሱ ራም ይፈልጋል፤ ራም ለማስለቀቅ ራም ሲጠይቅ ማሽኑ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። የፕሮክስሞክስ ጫኚው ዜድኤፍኤስ ሲመረጥ ስዋፕ የማይፈጥረውም ረስቶ አይደለም። ሃርድ ዲስኩም ካሜራው ሌት ተቀን የሚጽፍበት ስለሆነ አይመቸኝም። የሚቀረው ዚራም ነው፤ ዳታውን ጨምቆ እዚያው ራም ላይ ያስቀምጣል። «ዚራም ቱልስ» የሚባለውን ፓኬጅ ጭነው መጠኑን 25 ከመቶ፣ መጭመቂያውን ዜድስታንዳርድ ያድርጉ፤ 4 ጊጋ ስዋፕ ይሆናል። ነጻ ራም ግን አይደለም፤ በግማሽ ቢጨመቅ ሲሞላ 2 ጊጋ ይይዛል። ኤስኤስዲውን ስለማይነካ የሁለተኛው ጓደኛዎ ስጋትም እዚህ የለም። አንድ ቀን እንደገና ከጫኑ ደግሞ በጫኚው የዲስክ አማራጮች «ኤችዲ ሳይዝ» ላይ 8 ጊጋ ያህል ሳይመደብ ይተዉ፤ ለስዋፕ ፓርቲሽን ይሆናል።

ሲጨርሱ «ቪኤምስታት 5» ብለው «ኤስአይ» (ከስዋፕ የሚመለሰው) እና «ኤስኦ» (ወደ ስዋፕ የሚወጣው) የሚሉትን ዓምዶች ጥቂት ደቂቃ ይከታተሉ፤ የመጀመሪያው መስመር ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ ይዝለሉት። 1 ጊጋ ስዋፕ ተይዞ ሁለቱ ዜሮ ከሆኑ የተኛ ዳታ ነው፣ አብሽሩ። ሳያቋርጡ በመቶና በሺህ ከተቆጠሩ ግን ራም መጨመር ብቻ ነው የሚያዋጣዎት። ያኔም ደሴ ከመውጣትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለ፣ ዲዲአር 3 ይሁን 4፣ ረጅሙ ይሁን የላፕቶፑ አጭሩ ይዩ። «የሰርቨር ራም ነው» ተብሎ በርካሽ የሚቀርበው ሬጂስተርድ ራም እንዲህ ባለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።