አንድ ጋዝ ሁለቴ መብራት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከአዘዞ። ግብፅ የሚሠራው አጎቴ ቤኒ ሱዌፍ ያለው የጋዝ ኃይል ማመንጫ ከአንድ እሳት ሁለት ጊዜ መብራት ያወጣል አለኝ። ስሙ "ኮምባይንድ ሳይክል" ነው አሉ። እንዴት ይሆናል? ለእኛስ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትሽ እውነቱን ነው።

እናቴ የመጨረሻዋን እንጀራ ካወጣች በኋላ ምጣዱ ገና ይፋጅ ነበር። አንዲት እንጨት ሳትጨምር ሽምብራ ታምስበታለች። ነገሩ ይኸው ነው።

የጋዝ ተርባይን አየር ስቦ ያምቃል። ጋዙ እዚያ ውስጥ ይነድዳል፤ ግለቱ ክንፎቹን እያሽከረከረ ጄኔሬተሩን ያዞራል። ታዲያ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣው ጭስ ገና 600 ዲግሪ ገደማ ነው! ተርባይኑ ብቻውን ሲሠራ ከጋዙ ሙቀት 40 በመቶ ያህሉን ነው ወደ መብራት የሚለውጠው። የቀረው አየር ላይ ይበተናል።

ይሄ እኔን ያንገበግበኛል። እዚሁ ጎንደር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። የጭስ ማውጫው ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። ክረምት ላይ እርጥብ ጓንቴን አጠገቡ ሰቅዬ እሄዳለሁ፤ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ደርቆ ይጠብቀኛል። ያ ሁሉ ሙቀት ጓንት ከማድረቅ አላለፈም።

በኮምባይንድ ሳይክል ግን ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ውሃ በሞሉ ብዙ ቧንቧዎች መሃል ያልፋል። ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ ሌላ ተርባይን ያዞራል። ከዚያ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና እንደገና ወደ ቧንቧው ይመለሳል። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች በዚህ ዘዴ 60 በመቶን አልፈዋል። ቤኒ ሱዌፍ 8 የጋዝና 4 የእንፋሎት ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 4,800 ሜጋ ዋት ነው።

ለእኛስ ላልሽው፣ ጋዛችን ያለው ኦጋዴን፣ ካሉብና ሂላላ ነው፤ ከጎንደር ሌላኛው የአገር ጫፍ። በእኛ በኩል ያለው ውሃ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እዚያ የሚነድድ ነገር ስለሌለ በጭስ የሚባክን ሙቀትም የለም፤ ሁለተኛ ዙር አያስፈልገውም።

የኦጋዴን ጋዝ ለመብራት የሚውል ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ባለሁለት ዙር ሆኖ ይሠራ እላለሁ። ስንት ዘመን የጠበቅነው ጋዝ ነው፤ ከግማሽ በላዩ በጭስ ማውጫ ሲሄድ ማየት አልፈልግም።