የፍሬሽማን ጥያቄና መልስ፦ ዘንድሮ ግቢ ለምትገቡ ተመዳቢዎች

ጋሽ ክሬዲት፦ ምደባችሁን ያያችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትን የሚመለከት ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ጻፉ። ሁለት ነገር ከወዲሁ ልበል። የሴኔት ሕግ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንብ፣ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ እኔ የምነግራችሁ በብዙዎቹ የሚሠራበትን ነው። ደግሞም «ጋሼ ይምከሩን» ብቻ ብሎ የሚመጣ መልስ አያገኝም። ምን ላይ ልምከር?

ሳሚ፦ ጋሼ፣ ምን ምን ይዘን እንምጣ?

ጋሽ ክሬዲት፦ ዩኒቨርሲቲህ በማስታወቂያ ይዘረዝረዋል። የተለመደው የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ9–12 ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው። የፋይዳ መታወቂያህንም ያዝ። ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው ደግሞ ለሎከር የሚሆን ጠንካራ ጓጉንቸር ነው። ዋናውን ሰነድ ለሬጅስትራር ከማስረከብህ በፊት ስካን አድርገህ ኢሜይልህ ላይ አስቀምጥ። ስልክ ይጠፋል።

ሀና፦ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንዴት እንደሚሰላ ሲኒየሮች የተለያየ ነገር ይነግሩናል። በትክክል ቢያስረዱን?

ጋሽ ክሬዲት፦ ተባረኪ፣ የሚጠየቀው ይሄ ነው። የእያንዳንዱን ኮርስ የግሬድ ነጥብ (ዝርዝሩ ከታች አለ) በክሬዲቱ፣ ማለትም በኮርሱ ክብደት፣ ታባዢያለሽ፣ ውጤቱን ትደምሪያለሽ፣ ከዚያ ለጠቅላላ ክሬዲት ታካፍያለሽ። ሒሳብ 3 ክሬዲት ቢ፣ ቢ 3.0 ስለሆነ 9 ነጥብ። እንግሊዝኛ 3 ክሬዲት ኤ ማይነስ፣ 11.25። ሳይኮሎጂ 3 ክሬዲት ኤ፣ 12። ክሪቲካል ቲንኪንግ 3 ክሬዲት ቢ ፕላስ፣ 10.5። ጂኦግራፊ 3 ክሬዲት ሲ ፕላስ፣ 7.5። አንትሮፖሎጂ 2 ክሬዲት ሲ፣ 4። ድምሩ 54.25 ነው፤ ለ17 ሲካፈል 3.19። ስፖርት በፓስና በፌይል ስለሚያዝ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። አይገባም ማለት ግን አትሂጂ ማለት አይደለም፤ በመቅረት ብቻ የሚወድቁበት ኮርስ እሱ ነው።

አሁን ማንም ልብ የማይለውን ልንገራችሁ። ከ85 ጀምሮ 4.0 ነው፣ ኤም ሆነ ኤ ፕላስ። 80 ኤ ማይነስ 3.75፣ 75 ቢ ፕላስ 3.5፣ 70 ቢ 3.0፣ 65 ቢ ማይነስ 2.75፣ 60 ሲ ፕላስ 2.5፣ 50 ሲ 2.0፣ 45 ሲ ማይነስ 1.75፣ 40 ዲ 1.0። ደረጃዎቹ እኩል እንዳልሆኑ ታያላችሁ? ከ79 ወደ 80 የተሻገረ 0.25 ያገኛል፤ ከ74 ወደ 75 የተሻገረ ግን 0.5፣ እጥፉን። 59 ያመጣና 50 ያመጣ ተማሪ እኩል 2.0 ይዘው ይወጣሉ፤ ባለ 59ኙ አንዲት ማርክ ብትጨመርለት 2.5 ነበር። 97 ያመጣ ደግሞ 85 ካመጣው ለጂፒኤ የሚበልጠው ነገር የለም።

ስለዚህ ፋይናል ሲቃረብ የምትወጂውን ኮርስ ደጋግመሽ አታንብቢ። ከተያዘልሽ ማርክ ተነስተሽ የት እንደምታርፊ ገምቺና 73 እና 58 አካባቢ ያሉትን አስቀድሚ። ከላይ ባለው ምሳሌ ሒሳብ ወደ ቢ ፕላስ፣ አንትሮፖሎጂ ወደ ሲ ፕላስ ቢወጡ ጂፒኤው 3.34 ይሆናል። የተጨመረው ጥቂት ማርክ ነው።

ቢኒ፦ ጋሼ ትምህርትን ገበያ አደረጉት እኮ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ለዕውቀት ነው።

ሜሪ፦ ቢኒዬ፣ ዲፓርትመንት ሲመደብ ዕውቀትህን ማን ይመዝንልሃል?

ቢኒ፦ ቢያንስ በኋላ ሥራ ላይ ይታያል። ማርክ ለቃሚ ሞልቷል።

ሜሪ፦ መጀመሪያ የምትፈልገው ዲፓርትመንት ግባ፣ ከዚያ ዕውቀቱን እንደልብህ።

ጋሽ ክሬዲት፦ ክርክሩን በውስጥ መስመር ጨርሱት። ቀጣይ።

አብዲ፦ የዲፓርትመንት ምደባ በምንድን ነው? ሜዲሲን ስንት ይጠይቃል?

ጋሽ ክሬዲት፦ በብዙ ቦታ የፍሬሽማን ጂፒኤና የ12ኛ ክፍል ውጤት በመቶኛ ተደምረው ነው፤ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና የሚጨምሩም አሉ። የመቶኛ ድርሻውን ዩኒቨርሲቲህን ጠይቅ። «ስንት ይጠይቃል» ለሚለው ቋሚ ቁጥር የለም። ቦታው የተወሰነ ነው፤ የመጨረሻው ሰው የገባበት ነጥብ የዚያ ዓመት መቁረጫ ይሆናል።

ዮኒ፦ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግስ ስንት ይጠይቃል?

ጋሽ ክሬዲት፦ ከላይ መልሻለሁ።

ሩት፦ ፋርማሲስ ጋሼ?

ጋሽ ክሬዲት፦ ልጆች! ለአብዲ የመለስኩትን አንብቡ። ከእንግዲህ «ስንት ይጠይቃል» የሚል ጥያቄ አልመልስም።

ኬኔ፦ በቀን ስንት ሰዓት ማንበብ አለብን? ሲኒየሮች «ፍሬሽ ቀላል ነው፣ ለፈተና ስትቃረቡ ትቸክላላችሁ» ይሉናል።

ጋሽ ክሬዲት፦ ሲኒየሮቹ ስንት እንዳመጡ ጠይቃቸው። 3 ክሬዲት ያለው ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ (የሥራ ጫና መለኪያ) ተብሎ አውትላይኑ፣ ማለትም የኮርሱ ዕቅድ፣ ላይ ይጻፋል፤ ያ 135 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። በ16 ሳምንት ስትከፍለው በሳምንት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። 3ቱ በክፍል ያልቃል፤ ወደ 5 ሰዓት ተኩል የሚጠጋው ለራስህ ንባብ የተተወ ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ኮርሶች ካሉህ በቀን ወደ 4 ሰዓት ይመጣል፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ። ዘግይታችሁ ከተጠራችሁ ሴሚስተሩ ይጨመቃል እንጂ ይዘቱ አይቀነስም፤ በዚያን ጊዜ የቀን ሰዓቱ ከዚህም ይበልጣል።

ሌላው የምደጋግመው ነገር፦ ኮርስ አውትላይን በመጀመሪያው ሳምንት ተቀበሉ። ማርኩ እንዴት እንደሚከፋፈል እዚያ ላይ አለ። በብዙ ቦታ ከ100 ውስጥ 50ው በኩዊዝ፣ በአሳይመንት፣ በሚድና በመሳሰሉት ይያዛል፤ ፋይናል 50 ነው። ከ50ው 42 ይዞ ፋይናል የገባ 75 ለመድረስ የሚፈልገው 33 ብቻ ነው። 30 ይዞ የገባው 45 ከ50 ማምጣት አለበት። አንዲት ባለ 5 ማርክ ኩዊዝ «ቀላል ናት» ብሎ የቀረ ሰው ፋይናል ላይ የሚፈልጋት ያቺኑ 5 ማርክ ነው፣ በከባዱ ፈተና።

ትንሣኤ፦ ሒሳብ ላይ በጣም ደካማ ነኝ። ኔቹራል ነኝ። ምን ላድርግ?

ጋሽ ክሬዲት፦ የፍሬሽማን ሒሳብ የሚጀምረው በፕሮፖዚሽናል ሎጂክና በሴት (ስብስብ) ነው፤ ከዚያ ሪልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ብዙም አይፈልግም፤ ሁሉም እኩል የሚነሳበት ነው። እዚያ ላይ ማርክ ሰብስብ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ፒ ከሆነ ኪው» የሚለው ሐሰት የሚሆነው መቼ እንደሆነ ሳያጤን ስለሚያልፍ ነው፦ ፒ እውነት፣ ኪው ሐሰት ሲሆን ብቻ። ፒ ሐሰት ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሁሌም እውነት ነው። ይህን ትሩዝ ቴብል ሠርተህ አረጋግጥ። ወርክሺቱን መልሱን እያየህ አታንብብ፤ ሸፍነህ ሥራ፣ የተሳሳትከውን ምልክት አድርግ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ምልክት ያለባቸውን ብቻ ድገም። ዲስታንስና የመስመር ስሎፕ ከጠፋብህ ግን ፈንክሽን ላይ ከመድረስህ በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ክፈት፤ አያሳፍርም።

ክሪቲካል ቲንኪንግ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ቫሊድ ማለት «እውነት» አይደለም፤ መደምደሚያው ከፕሬሚሶቹ፣ ማለትም ከመነሻ ሐሳቦቹ፣ የግድ ይከተላል ማለት ነው። ፕሬሚሶቹ ሐሰት ሆነው አርጊውመንቱ ቫሊድ ሊሆን ይችላል፤ ቫሊድ ሆኖ ፕሬሚሶቹም እውነት ከሆኑ ሳውንድ ይባላል። ፋላሲዎቹን (የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶችን) በስም ብቻ የሚሸመድድ ፈተና ላይ ምሳሌ ሲሰጠው ይደናገራል። ለእያንዳንዱ የራሳችሁን ምሳሌ ጻፉ።

ሳሮን፦ የግቢው ካፌ ይሻላል ወይስ ነን ካፌ፣ ብሩን ተቀብሎ ራስን መቀለብ?

ዮኒ፦ ነን ካፌ! በፈለግሽው ሰዓት የፈለግሽውን ትበያለሽ።

ሜሪ፦ ወሩ ሳያልቅ ብሩ አልቆ ጓደኛ የካፌ ካርድ ላይ ሲለጠፉ ያየናቸው እነማን ናቸው ታዲያ? 😂

ቢኒ፦ ካፌ ሰልፉ ራሱ አንድ ክሬዲት ነው።

ዮኒ፦ ሦስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ ብታበስሉ ይበቃል።

ሜሪ፦ ዶርም ውስጥ ምድጃ ይከለከላል እኮ፣ የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተር ሲወርስብህ እናያለን።

ጋሽ ክሬዲት፦ ከሆድ እንውጣ። ሳሮን፣ የምግብ አማራጭሽ በኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውሉ ላይ ይሰፍራል፤ የፈረምሽውን ኮፒ አስቀሪ። መሃል ላይ መቀየር እንዳሰብሽው ቀላል ላይሆን ይችላል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሰለሞን፦ የሲኒየር የድሮ ፈተና ሰብስቦ ማጥናት ያዋጣል?

ጋሽ ክሬዲት፦ የጥያቄውን ዓይነት ለማወቅ ያዋጣል። መልሱን ሸምድዶ መግባት ግን ያስጥላል፤ መምህሩ አንድ ቃል ይቀይራል፣ ሸምዳጁ የቀድሞውን ፊደል ያጠቁራል። ሞጁሉን ጨርስ፣ ከዚያ የድሮውን ፈተና ሰዓት ይዘህ ሥራ። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ።

ሚኪ፦ ጋሼ ስለ ኤግዚት ኤግዛም ይንገሩን።

ጋሽ ክሬዲት፦ የመውጫ ፈተናው በአጠቃላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ የተጀመረው በ2015 ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የምትወስደው በምረቃ ዓመትህ ነው። አንተ ገና ዶርም አልተመደብክም።

ፌቨን፦ የዶርም ልጆች ሌሊት ሙዚቃ ቢከፍቱስ?

ጋሽ ክሬዲት፦ ፕሮክተር።

ናሆም፦ ሴሚስተር መሃል ብታመም ወይም የቤተሰብ ችግር ቢመጣ ትቶ መሄድ ይቻላል?

ጋሽ ክሬዲት፦ ይቻላል፤ ግን ዝም ብለህ ሻንጣህን አንስተህ አይደለም! ይህን በየዓመቱ እጮሃለሁ። መጀመሪያ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ) ፎርም ሙላ፣ ሕመም ከሆነ የሕክምና ማስረጃ አያይዝ፣ ክሊራንስ ጨርስ፣ የተፈረመበትን ኮፒ ይዘህ ውጣ። በሥርዓት የወጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ይጠይቃል። የጠፋ ሰው ኮርሶቹ ላይ ኤፍ ተቆልሎ ይጠብቀዋል፣ መመለሻውም ይጠብበታል። ፈተና ቀን ብቻ ከታመምክም ማስረጃውን በዚያው ሰሞን አስገባ፤ ግሬድ ከወጣ በኋላ የሚመጣ የሐኪም ወረቀት ብዙም አይሰማም።

ናሆም፦ ለመምህሩ በቴሌግራም ብነግረውስ?

ጋሽ ክሬዲት፦ ኮፒ። ማህተም። ቀን። ቴሌግራም ማስረጃ አይደለም።

ሊድያ፦ አንድ ኤፍ ካመጣሁ እባረራለሁ?

ጋሽ ክሬዲት፦ በአንድ ኤፍ ብቻ አይደለም፤ የሚታየው የሴሚስተሩና የድምሩ ጂፒኤ ነው። ለመመረቅ ድምሩ ቢያንስ 2.0 መሆን አለበት። የማስጠንቀቂያና የመባረሪያ ወሰኑን ከዩኒቨርሲቲሽ የሴኔት ሕግ ላይ አንብቢ፤ በወሬ አትመሪ። ኤፍ ያለበት ኮርስ ይደገማል። ግን ከ3 ክሬዲት ኮርስ ኤፍ የሚያወርደውን አስልተሽ እዪው፦ ከላይ በሰጠሁት ምሳሌ ጂኦግራፊው ሲ ፕላስ መሆኑ ቀርቶ ኤፍ ቢሆን 3.19 የነበረው 2.75 ይሆናል።

እዮብ፦ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ስሊፑ (የውጤት ወረቀቱ) ላይ ኤንጂ የሚል ወጥቶለት ነበር። ምንድን ነው?

ጋሽ ክሬዲት፦ ግሬድ አልገባም ማለት ነው። ወይ አንድ ውጤት ጎድሏል፣ ወይ መምህሩ አላስገባም፣ ወይ ተማሪው የተፈተነበት ሴክሽን ሌላ ነው። በጊዜ ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል። ስሊፑ በወጣበት ቀን መምህሩን፣ ካልተገኘ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ፣ ከዚያ ሬጅስትራርን። የግሬድ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ዕረፍት ወጥታችሁ ስትመለሱ ያልፋል። ለዚህም ነው የተመለሰላችሁን ኩዊዝና አሳይመንት ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ የምለው። «8 አግኝቼ ነበር» ብሎ የሚከራከርና ወረቀቱን የሚያሳይ እኩል አይሰሙም። ጓደኛህ አሁንም ካልተስተካከለለት የኮርሱን ኮድና ሴክሽኑን፣ እንዲሁም የመምህሩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይኑረው አይኑረው ጠይቀህ ጻፍልኝ፤ ያለዚያ ምንም ልለው አልችልም።