አባባ የሚከፍሉት ኪራይ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 33 ዓመቱ ነው፣ እኔ 29። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ተከራይተን ስል ኪራዩን የሚከፍሉት አማቴ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት 40 ሺህ ብር ለልጃቸው ይልካሉ። ባሌ ሥራ አለው፣ ደሞዙ ግን በቤንዚንና በጓደኞቹ ያልቃል። እኔ ደግሞ ከደሞዜ ላይ ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ 3 ሺህ እልካለሁ።

ብሩን አልጠላሁም። ግን አባባ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ ፍሪጁን ይከፍታሉ። ባለፈው አይብ አዩና "ይሄ የፈረንጅ አይብ ስንት ገባ?" አሉኝ። በራሴ ደሞዝ ነው የገዛሁት። ግን ምን እላለሁ፣ ዝም አልኩ። ለባሌ ስነግረው "ለማን ብሎ ነው የለፋው?" ይለኛል። ጓደኞቼ "ጥጋብ ነው፣ ብይና ዝም በይ" ይሉኛል። እውነት ጥጋብ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥጋብ አይደለም። አማትሽ ግን ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ነጋዴ ናቸው፣ ሱቃቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት መደርደሪያውን ነው። የእናንተም ቤት በየወሩ 40 ሺህ የሚወጣበት ቅርንጫፋቸው ሆኗል።

በዚህ ከተማ ከወላጁ የማይቀበል ማን ነው? እኔ ራሴ ከቤት ከወጣሁ 6 ዓመት ሆኖኝ ዛሬም በርበሬና ሽሮ የምጭነው ከእናቴ ጓዳ ነው። ማንም ሞልቃቃ ብሎኝ አያውቅም። የሀብታም ልጅ ሲሆን ግን ስሙ ይቀየራል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቅናትም አለበት፣ እንተማመን። ቢሆንም የእኔ ሽሮ ቢቀር ገዝቼ እበላለሁ። የእናንተ 40 ሺህ ቢቀር የት ትገባላችሁ? ይህን አንድ ማታ ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

"ለማን ብሎ ነው የለፋው" ስለሚለው ደግሞ፣ ሕጉ ከባልሽ ጋር አይስማማም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ ቀለብ የመሰጣጠት ግዴታ አለባቸው ይላል፣ ግን ቀለብ ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ መኖር የማይችል ሲሆን ነው። መኪና እያሽከረከረ ቢሮ የሚገባ የ33 ዓመት ጎረምሳ እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አባባ የሚልኩት ስጦታ ነው፤ ነገ ጠዋት ቢያቆሙ ለምን የሚላቸው የለም። ደግሞ ግዴታው ወደ ላይም ይሄዳል፣ ልጅም የተቸገረ ወላጁን ይጦራል። አንቺ ሕጉን ሳታነቢ ለእናትሽ የምታደርጊው ይህንኑ ነው። ባልሽ የሚቀበለውንና አንቺ የምትልኪውን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊና አሳዪው።

ድሮም ቢሆን ያለው ወላጅ ይሰጥ ነበር። በገጠር ልጆች ጎጆ ሲወጡ የሁለቱም ወገን ማጫ ያቀርባል፣ በሬው፣ ላሟ፣ እህሉ። ግን ሽማግሌ ፊት ይቆጠራል። ስንት እንደተሰጠ ሁሉም ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ በሬው ሲታመም የሚያክመው ባለጎጆው ነው። የእናንተው አልተቆጠረም፣ መቼ እንደሚያልቅም ማንም አልተናገረም። ባልሽ ወንድምና እህት ይኑረው አይኑረው አልጻፍሽም። ካሉት እነሱ እየቆጠሩ ነው። ገና ለቅሶ ሳይወጣ "አንተማ በቁማቸው በልተሃል" ተባብሎ የሚጣላ ቤተሰብ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ።

ባልሽን "ካባትህ አትቀበል" አትበይው። ይኮርፋል፣ አባባም "ምራቴ ከልጄ አጣላችኝ" ይላሉ። ይልቅ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከእሱ ደሞዝ 10 ሺህ ለኪራይ ቀድሞ ይነሳ፣ ጓደኞቹ ሳይደርሱበት። አባባ 30 ይላኩ። ከስድስት ወር በኋላ 20 ይላኩ፣ እንዲህ እያለ ይለቅ። ደሞዛችሁ ካልቻለው ወጣ ያለ ሰፈር ርካሽ ቤት ፈልጉ፤ አራት ኪሎ መኖር ግዴታ አይደለም። አባባ የግድ መርዳት እፈልጋለሁ ካሉ አንዴ ይስጡ፣ ለቤት ቀብድ ለምሳሌ፣ ልጆቻቸው ሁሉ እየሰሙ። ይህን የሚነግራቸው ደግሞ ልጃቸው ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ፍሪጁን ይክፈቱት። አይቡን ቆርሰሽ አቅርቢላቸውና "አባባ፣ በደሞዜ የገዛሁት ነው፣ ቅመሱልኝ" በያቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 24 ዓመቱ ነው። ተመርቆ ሥራ ካጣ ዓመት ሆነው፣ አብሮኝ ነው የሚኖረው። የታክሲና የኢንተርኔት እሰጠዋለሁ። ጎረቤቶቼ አሰነፍሽው ይሉኛል። (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እናቴ፣ ይስጡት። የሥራ ማስታወቂያ ያለ ኢንተርኔት አይታይም፣ ለፈተና በእግር አይኬድም። ብሩ ለቤቲንግ መሆኑን ከደረሱበት ግን በእጁ አይስጡት፣ የሞባይል ካርዱን ራስዎ ይሙሉለት። ጎረቤቶችዎን ደግሞ መሥሪያ ቤታቸው ክፍት ቦታ ካለ ይጠይቋቸው።