ያኔ ቴርሞሜትር የለ፣ በምን አወቁት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። «ከ800,000 ዓመት በፊት የምድር አየር እንዲህ ነበር» የሚል ነገር በየቦታው አነባለሁ። ያኔ ቴርሞሜትር የለ፣ የሚመዘግብ ሰው የለ። እውነቱን ለመናገር ግምት ነው የሚመስለኝ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ መጠራጠርዎ ጥሩ ነው፣ ግን የዚያን ዘመን አየር ራሱን እኮ አግኝተውታል!

አንታርክቲካ መሃል ላይ የወረደ በረዶ አይቀልጥም። የዘንድሮው ባምናው ላይ ይተኛል፣ የላዩ የታቹን እየተጫነ ያጠጥረዋል፣ በመሃል የነበረው አየርም መውጫ አጥቶ አረፋ ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊው የበረዶ ተመራማሪ ክሎድ ሎሪየስ እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው አንታርክቲካ እያለ፣ ከጥልቅ የወጣ የበረዶ ቁራጭ ውስኪው ውስጥ ይጨምራል። በረዶው ሲቀልጥ አረፋዎቹ ቷ ቷ እያሉ ሲፈነዱ አየ፤ የጥንት አየር መሆኑ ብልጭ ያለለት ያኔ ነው። ከብርጭቆ የተነሳ ሳይንስ ማለት ይሄ ነው።

በኋላ አውሮፓውያን ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ውስጥ ዶም ሲ በተባለው ቦታ ከ3,200 ሜትር በላይ ቆፍረው የ800,000 ዓመት በረዶ አወጡ። አረፋው ሲለካ፣ በበረዶ ዘመናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 180 አካባቢ፣ በሞቃቶቹ 280 አካባቢ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል።

ሙቀቱስ? እሱን የሚናገረው ራሱ በረዶው ነው። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁሉ እኩል አይመዝንም፣ ቀላልና ከባድ አለው። ደመና ወደ ዋልታ ሲጓዝ ከባዱ ቀድሞ እየዘነበ መንገድ ላይ ይራገፋል፣ ብርዱ በጠና ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በረዶው ውስጥ ከባዱ አንሶ ከተገኘ ያ ዘመን ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው።

ስሌት የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፣ አልዋሽም። አረፋው የሚዘጋው በረዶው ከ50 እስከ 100 ሜትር ገደማ ከተቀበረ በኋላ ነው። ስለዚህ አየሩ ከከበበው በረዶ በዕድሜ ያንሳል፣ በረዶ በጥቂቱ በሚወርድበት ቦታ ልዩነቱ ሺህ ዓመታት ይሆናል። ይህንን ማስታረቅ ራስ ምታት ነው።

ለዚህም ነው በበረዶው ብቻ የማይተማመኑት። ከባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት ያወጡና ኦክስጅኑን ይለካሉ። ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 በዚሁ መንገድ የበረዶ ዘመናት ምልልስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ከሚቀያየረው ምሕዋሯና ዘንበል ማለቷ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል። 100,000፣ 41,000 እና 23,000 ዓመት ገደማ የሚፈጁ ዑደቶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ አውሮፓውያኑ ከዶም ሲ ብዙም ሳይርቁ 2,800 ሜትር ቆፍረው ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው በረዶ ላይ ደርሰዋል። ታች ላይ ከመጨፍለቁ ብዛት አንዷ ሜትር ብቻ እስከ 13,000 ዓመት ትይዛለች።